ከቴል አቪቭ ባንኮክ በእውነት ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄው፦ «በጃንዋሪ ከእናቴ ጋር ከቴል አቪቭ ወደ ባንኮክ ልንሄድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ርቀቱ 6,945 ኪሎ ሜትር፣ የበረራው ጊዜ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። ቲኬቱን ሳየው ግን ማታ 22:00 ተነስቶ በማግስቱ 12:00 ይገባል፤ ይሄ 14 ሰዓት ነው። መመለሻው ደግሞ 23:30 ተነስቶ 04:30 ይገባል፤ 5 ሰዓት ብቻ! ጎረቤታችን በ2019 ሄዳ 11 ሰዓት ነው የተቀመጥኩት ትላለች። የአክስቴ ልጅ ባንኮክ ከአዲስ አበባም ከቴል አቪቭም እኩል ስለሚርቅ በአዲስ በኩል ሂዱ፣ ለውጥ የለውም ይለናል። አሜሪካ ያለችው እህቴ አንድ ቦታ 4,315 ማይል፣ ሌላ ቦታ 3,750 ማይል አገኘች። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። እግሯ ያብጣል፣ ለስኳር ኢንሱሊን ትወጋለች። እውነተኛው ሰዓት የቱ ነው? በየት በኩል ብንሄድ ይሻላል?»

ስትሄዱ 9 ሰዓት፣ ስትመለሱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። እናትህ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ይህን ያህል ነው። 14ም 5ም የበረራ ሰዓት አይደሉም። 7 ከ40 ደግሞ በወረቀት ላይ እንጂ በሰማይ ላይ የለም። የጎረቤታችሁ 11 ሰዓት ግን እውነት ነው፣ አልተሳሳቱም። በእሳቸው ጊዜ መንገዱ ሌላ ነበር። ነገሩን አንድ በአንድ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እዚህ ውስጥ ያለው ግራ መጋባት ሰውን ብር ያስከፍላል፣ አንዳንዴም በረራ ያስመልጣል። (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ14ቱና በ5ቱ ልጀምር። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በእስራኤል ሰዓት፣ መድረሻው በታይላንድ ሰዓት። በብርዱ ወራት ታይላንድ ከእስራኤል 5 ሰዓት ትቀድማለች። ባንኮክ 12:00 ሲል ቴል አቪቭ ገና 07:00 ነው። ከማታው 22:00 እስከ ጠዋት 07:00 ቁጠር፤ 9 ሰዓት ይመጣልሃል። ስትመለሱ ደግሞ ባንኮክ 23:30 ሲል ቴል አቪቭ 18:30 ነው፤ ከዚያ እስከ 04:30 ድረስ 10 ሰዓት። አለቀ። እስራኤል በማርች መጨረሻ ሰዓቷን ወደፊት ስለምትገፋና ታይላንድ ግን ስለማትነካ፣ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ 4 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ወቅት የሚጓዝ ሰው 5 ሳይሆን 4 ይቀንስ።

የሰዓት ልዩነቱን የማታውቀው ከተማ ከሆነም የሚሠራ ዘዴ አለ። ከቲኬቱ ላይ የሂደቱንና የመልሱን ጊዜ እንዳለ ደምርና ለሁለት ክፈለው። 14 እና 5፣ 19 ነው። ግማሹ 9 ተኩል። በሂደት የተጨመረው የሰዓት ልዩነት በመልስ ስለሚቀነስ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፣ የሚተርፈው የበረራው አማካይ ነው። በማንኛውም ሁለት ከተሞች መካከል ይሠራል፤ ብቻ ሂደቱም መልሱም ያለ ማረፊያ መሆን አለበት፣ በሁለቱ ጉዞ መሃልም ሰዓት የተቀየረበት ቀን መግባት የለበትም።

ከዚህ የባሰው ችግር ያለው እኛ ሰዓት በምንቆጥርበት መንገድ ላይ ነው። ቼክ ኢን ላይ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ቤተሰብ ሐሙስ ማታ መጣ። ቲኬታቸው ሐሙስ 00:40 ይላል። ልጆቹ ለእናታቸው «ሐሙስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከአርባ» ብለው ነግረዋቸዋል። ቃሉ ትክክል ነው፣ 00:40 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ሌሊቱ ግን ሌላ ሌሊት ነበር። አውሮፕላኑ የሄደው ረቡዕ ማታ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። እነሱ የመጡት ለዓርብ አጥቢያ። እናትየዋ ለልጃቸው የያዙትን በርበሬ በሦስት ፌስታል አጥብቀው አስረው፣ በላዩ ላይ ፕላስተር ዞረውበት፣ ፓስፖርታቸውን በመሀረብ ጠቅልለው በእጃቸው ይዘው ነበር። መሀረቡን ፈትተው ፓስፖርቱን ሲሰጡኝ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጠፋኝ። ለዚህ ነው እናቶችን ሳነጋግር ሁልጊዜ «አጥቢያ» የምለው። ለእናትህ በረራቸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከሆነ «ለእንትን አጥቢያ» በላቸው፣ ቀኑን በዚያ አስጨብጣቸው። የእናንተ 22:00 ስለሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ለዚህ አትሰጉም። ግን የምትገቡት በማግስቱ ነው። ሆቴሉን በተነሳችሁበት ቀን እንዳትይዙት።

ወደ ርቀቱ ልሂድ። 6,945 ኪሎ ሜትር፣ 4,315 ማይልና 3,750 ማይል አንድ ርቀት ናቸው። የመጀመሪያው ማይል አሜሪካ መንገድ ላይ የሚለካበት ነው፣ 1.609 ኪሎ ሜትር። ሁለተኛው የባሕርና የአየር ማይል ነው፣ 1.852 ኪሎ ሜትር። ፓይለት «ማይል» ሲል ሁለተኛውን ነው የሚለው። ሁለቱን ማይል የሚያቀላቅል ሰው 565 ማይል ከየትም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ የእህትህም ችግር ይሄው ነበር።

ይህ 6,945 እንዴት እንደሚለካ ማየት ከፈለግህ አንድ ብርቱካን አምጣ። እስኪርቢቶ ይዘህ ሁለት ነጥብ አድርግበት፣ ሁለቱንም ከወገቡ በላይ፣ አንዱን ከፍ አድርገህ፣ ሌላውን ከእሱ ዝቅ አድርገህ በሩቁ። ከዚያ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ክር ወጥረህ ሳበው። ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ይይዛል፣ በዓይንህ ካሰብከው መስመር ትንሽ ወደ ላይ ይሸሻል። መሬትም እንዲሁ ናት። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከቴል አቪቭ ባንኮክ በማስመሪያ ብታሰምር መስመሩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል። ክሩ ግን ከቴል አቪቭ አውሮፕላን ማረፊያ ከቤን ጉሪዮን ሲነሳ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ባንኮክ ከቴል አቪቭ ከ18 ዲግሪ በላይ ወደ ደቡብ ሆና ሳለ ማለት ነው። ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ቀስ እያለ፣ በመንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ኢንተርኔቱ ያደረገው ይህን የክር ርቀት በአውሮፕላን ፍጥነት ማካፈል ብቻ ነው። እንደ ቦይንግ 787 ያለ አውሮፕላን ከፍታው ላይ ሲደርስ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 6,945ን በ905 አካፍል፣ 7 ሰዓት ከ40 ይወጣል። ሒሳቡ አልተሳሳተም። ግን አውሮፕላኑ ከበሩ እንደተገፋ 900 ላይ ይሆናል፣ ነፋስ የለም፣ በመሃል ያለው አገር ሁሉ «እለፍ» ይላል ብሎ ነው ያሰበው። ሦስቱም የሉም። ከሦስቱ ትልቁ የመጨረሻው ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ያ ክር በየትኛው አገር ላይ እንደሚያልፍ ተመልከት። ዮርዳኖስ፣ ኢራቅ፣ ኢራን፣ ፓኪስታን፣ ሕንድ፣ ከዚያ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ፣ ምያንማር፣ ታይላንድ። ኢራቅ፣ ኢራንና ፓኪስታን ለእስራኤል እውቅና አይሰጡም። የእስራኤል አውሮፕላን በእነዚህ ላይ አያልፍም። ስለዚህ ከቴል አቪቭ ለሚነሳ የእስራኤል አየር መንገድ አጭሩ መንገድ ከመጀመሪያውኑ ዝግ ነው። ወደ ደቡብ መታጠፍ አለበት። ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ደግሞ ከፊቱ የአረብ ልሳነ ምድር ተጋድሞ ያገኘዋል። ሳዑዲም ለአሥርታት ሰማይዋን ዘግታ ነበር።

ጎረቤታችሁ በ2019 ሲሄዱ የተጓዙበት መንገድ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ከቤን ጉሪዮን ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ቁልቁል ወደ ደቡብ ይወርዳል። በኤይላት በኩል ወጥቶ ቀይ ባሕርን ይይዛል፣ በባሕሩ ርዝመት ሁሉ ይሄዳል፣ እስከ አፍሪካ ቀንድ ድረስ። እዚያ ሲደርስ ነው ወደ ምሥራቅ የሚዞረው፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በአረብ ባሕር አድርጎ ወደ ሕንድ። ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ አገር ቤት ደጃፍ መውረድ ማለት ነው። ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ካርታውን ሲያዩ «አሰብ ደረስን እኮ!» ብለው የተገረሙ የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። በግምት ብታሰላው ይህ መንገድ ወደ 8,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ከክሩ በ1,500 ያህል ይበልጣል። በአውሮፕላን ፍጥነት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። 11 ሰዓቱ ከዚህ የመጣ ነው።

በሩ የተከፈተው በአንድ ቀን አይደለም። በማርች 2018 ሳዑዲ ለኤር ኢንዲያ ፈቀደች፣ ከዴልሂ ቴል አቪቭ በሰማይዋ አልፎ ገባ። የሕንዱ አውሮፕላን አቋርጦ ሲገባ የእስራኤሉ ግን ወደ ሙምባይ ለመሄድ አሁንም በቀይ ባሕር ይዞር ነበር። በኦገስት 2020 መጨረሻ የእስራኤሉ አየር መንገድ የኤል አል የመጀመሪያው በረራ በሳዑዲ ላይ አልፎ አቡ ዳቢ አረፈ። በጁላይ 2022 ሳዑዲ ሁኔታውን ለሚያሟላ አየር መንገድ ሁሉ ሰማይዋን እከፍታለሁ አለች። ያኔ ብዙ ሰው «እንግዲህ ባንኮክ 8 ሰዓት ሆነ» ብሎ ነበር፤ አልሆነም። ከሳዑዲ ወጥተህ ወደ አረብ ባሕር ለመግባት በኦማን ወይም በየመን ማለፍ አለብህ። የመን ጦርነት ላይ ናት። ኦማን ዝም አለች። ሰባት ወር ያህል የሳዑዲ በር ተከፍቶ የጓሮው በር ተዘግቶ ቆየ። ኦማን የፈቀደችው በ23 ፌብሩዋሪ 2023 ነው። በቀናት ውስጥ የባንኮኩ በረራ በአዲሱ መንገድ ሄደ፣ ጉዞውም በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አጠረ።

ስለዚህ ጎረቤታችሁም ልክ ናቸው፣ ቲኬትህም ልክ ነው። አገሮቹ ተንቀሳቅሰው አልተቀራረቡም። ሁለት መንግሥታት ፈቀዱ፣ የእናትህ ጉልበት ሁለት ሰዓት ተኩል አረፈ። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቼ አሁንም የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያዝልኝ። የተከፈተ በር ሊዘጋ ይችላል። በኦክቶበር 2023 የጋዛው ጦርነት ሲጀመር የምሥራቁ መስመር በደኅንነት ምክንያት ተመልሶ የተራዘመበት ጊዜ ነበር። በጁን 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ የእስራኤል ሰማይ ራሱ ለመንገደኛ በረራ ተዘጋ፣ ብዙ ሰው ባለበት አገር ቀረ። ስለዚህ 9 ሰዓት ያልኩህ መንገዱ እንደተከፈተ ከቆየ ነው። ከመነሳታችሁ አንድ ሳምንት በፊት የዚያው በረራ ሰሞኑን ስንት ሰዓት እንደፈጀ እይ። የአውሮፕላን መከታተያ መተግበሪያዎች ያለፉትን ቀናት በረራ በነፃ ያሳያሉ፣ የበረራ ቁጥሩን ብቻ ማስገባት ነው። እኔ ከማንም ድረ ገጽ የርቀት ሒሳብ ይልቅ የትናንቱን አውሮፕላን አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ሂደቱ 9፣ መልሱ 10 የሆነው በእሱ ነው። በብርዱ ወራት አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከአረብ ልሳነ ምድር ሰሜን ጀምሮ በሕንድ ሰሜን በኩል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ አለ። መሃሉ ላይ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈስ ለእሱ ምንም አይደለም። የእናንተ መንገድ ዳር ዳሩን ስለሚነካው ከጀርባችሁ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ከፊት ይይዛችኋል። በምሳሌ ላሳይህ። እውነተኛውን መንገድ 7,200 ኪሎ ሜትር፣ የነፋሱን አማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ። ስትሄዱ መሬቱን የምትቆርጡት በ965 ነው፣ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ። ስትመለሱ በ845፣ 8 ሰዓት ተኩል። አንድ ሰዓት ልዩነት። አውሮፕላኑ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ፍጥነት ላይ ነው ያለው።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ወደ ምዕራብ መሄድ የሚረዝመው መሬት ስለምትዞር ነው» ይላሉ። አይደለም። አየሩም አውሮፕላኑም ከመሬት ጋር አብረው ይዞራሉ። እንደዚያ ቢሆን ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር፤ አንድ ዓይነት ግን አይደለም። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያ ነፋስ ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ በደቡብ ሕንድና በአረብ ባሕር አናት ላይ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ሌላ ነፋስ ይመጣል። ይህኛው ነፋስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከሕንድ ተነስቶ እስከ አፍሪካ ይደርሳል፣ የኢትዮጵያ ክረምት ዝናብ ከሚመካባቸው ነገሮች አንዱም እሱ ነው። ዋና ኃይሉ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍ ብሎ ቢሆንም የታችኛው ጫፉ ይሰማል። በዚያ ወቅት የሂደትና የመልሱ ልዩነት ይጠባል። እናንተ ግን በጃንዋሪ ስለሆናችሁ የአንድ ሰዓቱን ልዩነት ጠብቁት።

የቀረው የመሬቱ ጊዜ ነው። በምሳሌዬ 7 ሰዓት ተኩል ወጣ፣ ቲኬቱ ግን 9 ይላል። ቲኬት የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከበሩ ከተገፋበት እስከ ሌላው በር እስኪቆም ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ መውጣት፣ መውረድ፣ ባንኮክ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ካረፉ በኋላ እስከ በሩ መንከባለል አለ። አየር መንገዶችም ለመዘግየት ትንሽ ትርፍ ይጨምራሉ። ለዚህ ነው አንዳንዴ 30 ደቂቃ ዘግይቶ ተነስቶ በሰዓቱ የሚደርሰው። እንደገባህ «ቀድመን ደረስን» ብለህ የሚቀበልህን ሰው አታስቸኩል።

አሁን ስለ መንገዱ ምርጫ። የአክስትህ ልጅ ያለው ግማሹ ትክክል ነው፣ እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ነው ያስተዋለው። ከአዲስ አበባ ባንኮክ 6,760 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቴል አቪቭ 6,945። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ግን እናንተ ያላችሁት ቴል አቪቭ ነው፣ አዲስ አበባ አይደለም። መጀመሪያ 2,590 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ መውረድ አለባችሁ፣ አራት ሰዓት ገደማ። ሁለቱ ሲደመር 9,350 ነው። ከቀጥታው በ2,400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ የትራንዚቱን ጥበቃ ሳንቆጥር። «እኩል ነው» የሚለው የሚሠራው አዲስ ላለ ሰው ብቻ ነው። እናትህ ቤተሰብ ጠይቀው፣ ሳምንትም ሆነ አሥር ቀን ቆይተው ከዚያ ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ከሆነ እሱ ሌላ ጉዞ ነው፣ በጣም ጥሩም ነው። ለማለፍ ብቻ ከሆነ ግን አታድርጉት።

ዱባይ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቴል አቪቭ ዱባይ 2,130፣ ከዱባይ ባንኮክ 4,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 7,030። ከክሩ ርቀት የሚበልጠው በ90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከአዲስ አበባ አዋሽ ሰባት ከመሄድ እንኳ ያንሳል። ዱባይ መንገዱ ላይ ነው ያለችው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዱባይ ስትሄድ የምትጨምረው ርቀት ሳይሆን ጊዜ ነው፦ ሁለተኛ መነሳት፣ ሁለተኛ ማረፍ፣ በመሃል ጥበቃ። ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ጥበቃው፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት። በጥሩ ቲኬት 12 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። በመጥፎ ቲኬት 20 ይሞላል። እግራቸው ለሚያብጥ ሰው መሃል ላይ ተነስቶ መራመዱ ጥሩ ጎን ነው ብትለኝ እቀበላለሁ።

በዱባይም በሌላም ከተማ በኩል ስትገዛ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ላይ መሆናቸውን አረጋግጥ። በየገጹ ዞረህ ሁለት የተለያየ ቲኬት ገዝተህ ራስህ ብታገናኘው ርካሽ ይወጣልሃል፣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቅህም። ሻንጣህን ማውጣት፣ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ እንደገና ማስገባት በአንተ ላይ ነው። የ68 ዓመት እናት ይዘህ ይህን አትሞክር። በአንድ ቲኬትም ቢሆን መሃሉ ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ተወው። «ቀጥታ በረራ» የሚለውንም አትመን። በእኛ አነጋገር ቀጥታ ማለት ሳያርፍ የሚሄድ ነው፤ በአየር መንገድ ቋንቋ ግን አንድ የበረራ ቁጥር ይዞ መሃል ላይ አርፎ የሚቀጥልም «ቀጥታ» ይባላል። ስትገዛ «ማረፊያ የለውም ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

እናትህን በተመለከተ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የበረራ እቅድ ሠራተኛ ነኝ። ለሐኪማቸው ምን ይዘህ እንደምትሄድ ግን ልንገርህ። ኢንሱሊን የሚቆጥረው የግድግዳ ሰዓት ሳይሆን ያለፈ ጊዜ ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ቀኑ በ5 ሰዓት ያጥራል። እናትህ ሁልጊዜ ማታ 20:00 የሚወጉ ከሆነና ባንኮክ ደርሰው በባንኮክ 20:00 ቢወጉ፣ ከመጨረሻው መርፌ ያለፈው 24 ሳይሆን 19 ሰዓት ነው። ይህ ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወረቀት ላይ የሚነሱበትን፣ የሚደርሱበትን፣ የሚመለሱበትን ሰዓት ሁሉ በእስራኤል ሰዓት ብቻ ጻፍና ለሐኪማቸው ስጥ፤ መቼ ስንት እንደሚወጉ እሱ ይጻፍበት። እስክትደርሱ የእናትህን የእጅ ሰዓት አትንካው። ኢንሱሊኑ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። የሐኪም ደብዳቤም አብሮ ይኑር።

ስለ እግራቸው፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋት ዕድልን እንደሚጨምር በጥናት የታወቀ ነው። የመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዝላቸው፣ መስኮቱን አንተ ውሰድ። መስኮት ጋ ያለ ትልቅ ሰው ሰው ላለማስቸገር ብሎ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አይነሳም፣ ስንቱን አይቻለሁ። በየሰዓት ተኩሉ አስነሳቸው፣ ሲቀመጡም ቁርጭምጭሚታቸውን ያዟዙሩ። ውኃ ሽንት ቤት ያመላልሰኛል ብለው እንዳይተዉ። ጠባብ ካልሲ ይልበሱ ወይ የሚለውን ሐኪሙን ጠይቅ። ከደረሳችሁ በኋላ ሁለቱም እግር ሳይሆን አንዱ ብቻ አብጦ ካመማቸው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው «ከጉዞው ድካም ነው» አትበሉ፣ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል። ተሽከርካሪ ወንበርም ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ደውለህ አስመዝግብ። ሱቫርናቡሚ ትልቅ ነው፣ ከአውሮፕላኑ እስከ ኢሚግሬሽን ያለው ጉዞ ላመመው እግር ረጅም ነው።

የምመክርህ ይሄ ነው። ያለ ማረፊያ የሚሄደውን ግዙ። ዋጋው በጣም ከበለጠባችሁና አቅም ካልፈቀደ ብቻ በዱባይ፣ በአንድ ቲኬት፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ጥበቃ ባለው። በአዲስ አበባ ለማለፍ ብቻ አትሂዱ። ከመልሱ በኋላ ባለው ቀን ጠዋት ደግሞ ሥራም የሐኪም ቀጠሮም አትያዝ። 04:30 ስታርፉ የእናትህ ሰውነት ባንኮክ ጠዋት 09:30 ላይ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው አድረዋል።

ዛሬ ማታ ቲኬቱን አውጣና የመልሱን ቀን እንደገና አንብበው። 23:30 የሚነሳው በአንዱ ቀን ነው፣ የምታርፉት ለማግስቱ አጥቢያ። የሚቀበላችሁ ሰው ካለ የማረፊያውን ቀን ንገረው፣ የመነሻውን አይደለም።